«የፕላስቲክ ደሴት» ምንድን ነው? ደሴት ካልሆነስ በምን ይለካል?

ሰሞኑን ያቺ ፎቶ ተመልሳ መጣች። በቆሻሻ የተከበበች ታንኳ፣ ከሥሯ «ከኢትዮጵያ የሚሰፋ የፕላስቲክ ደሴት» የሚል ጽሑፍ። አንዱ አስተያየት ሰጪ ደግሞ «ሰው ይራመድበታል» ብሎ አረፈው። የለም ወንድሜ፣ አይራመድበትም። ፎቶዋም የወደብ ቆሻሻ ናት።

ስፋቱስ እውነት ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በካሊፎርኒያና በሃዋይ መካከል ያለው የፕላስቲክ ክምችት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ 1.6 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ክብደቱ ግን 79 ሺህ ቶን ገደማ። አካፍሉት፤ በሄክታር ግማሽ ኪሎ ቢደርስ ነው። በመሀሉ በመርከብ ያለፈ ሰው ሰማያዊ ውሃ ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል።

የሚለካው በመረብ ነው። መርከቧ የውሃውን ገጽ የሚገፍፍ መረብ ትጎትታለች። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 0.33 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጤፍ እንኳ አያሳልፍም።

ጤፍ ካነሳን፣ እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አንዱ ጤፍና ባቄላ ደባልቆ ቢያቀርብላችሁስ? ፍሬ ስትቆጥሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጤፍ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ባቄላው ይደፋል። እዚያም እንዲሁ ነው። ያው ጥናት ከገመተው 1.8 ትሪሊዮን የፕላስቲክ ቁራጭ 94 በመቶው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በክብደት ግን 8 በመቶ ብቻ። ብዙ ሰው ግን ትሪሊዮኑን ይዞ ስለ ቶን ይሟገታል! ወንፊቱም ይለያያል። በጠባብ ወንፊት የነፋና በሰፊ ወንፊት የነፋ «የኔ በለጠ» ቢባባሉ ምን ይባላል? ሾልኮ የወረደው ዱቄትም አልተቆጠረም እንጂ አለ።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ የነፋሱ ነገር ነው። ነፋስ ሲበረታ ማዕበሉ ቁራጮቹን ወደ ታች ይደባልቃቸዋል። መረቡ የሚገፈው የላይኛውን አንድ ስንዝር ያህል ውሃ ስለሆነ ባዶውን ይወጣል ማለት ይቻላል። ያው ቦታ፣ ያው መረብ፤ ሰኞ ጸጥ ብሎ፣ ማክሰኞ ነፍሶ ሁለት ቁጥር። «ፕላስቲኩ ቀነሰ» የሚል ዜና ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የዕለቱን የነፋስ ፍጥነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም።

ጣና ላይ፣ በጎርጎራ በኩል፣ ሌላ ጣጣ አለ። ደለሉና አልጌው መረቡን ይደፍነዋል። ሲደፈን ውሃው በጎን ያመልጣል እንጂ አይገባም። አፉ ላይ የውሃ ቆጣሪ ሳያስሩ የተጓዙትን ርቀት ብቻ ይዘው ካሰሉ፣ ያልገባ ውሃ ገባ ተብሎ ይመዘገባል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ የገዛ ሹራባችን ክር ከሐይቁ የመጣ ፕላስቲክ መስሎ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገኛል፤ ለዚህ ነው ንጹሕ ውሃም አብሮ የሚመረመረው።

ባቄላውስ? የተጣለ የዓሣ መረብ ብቻውን ከዚያ ክምችት ክብደት 46 በመቶ ነው። እሱ በትንሿ መረብ አይያዝም፤ ለዚያ ጥናት በአውሮፕላን ከላይ እየታየ ነው የተቆጠረው።