የጉብኝት ቪዛ አወጣጥ ከደሴና ከኮምቦልቻ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጉብኝት ቪዛ፣ በተለምዶ የቱሪስት ቪዛ የሚባለው፣ አንድ አገር የሌላ አገር ዜጋ ለሽርሽር፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለሌላ አጭር ቆይታ እንዲገባ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ የዚህ ፈቃድ ጉዳይ በሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፤ ማስረጃው ወሎ ላይ ይሰበሰባል፣ ማመልከቻው ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው አዲስ አበባ ይቀርባል። አዲስ አበባ ከ100 በላይ ኤምባሲዎች መቀመጫ ስትሆን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቪዛ የሚሰጥ ቆንስላ የለም። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካዊ ዳራ

ደሴ ለውጭ ሰው አዲስ ሆና አታውቅም። ስሟን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጅራታም ኮከብ አይተው እንዳወጡላት ይነገራል፤ ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ ደግሞ የሰሜኑ ንግድ ዋና መተላለፊያ ሆና ኖራለች። ኢትዮጵያና ኢጣሊያ በሐምሌ 1920 ከተፈራረሙት የወዳጅነት ውል ጋር የተያያዘው ስምምነት ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ የሚደነግግ ነበር፤ በዚያ ዘመን በስሟ ተጠርታ በመንግሥታት ውል ውስጥ የገባች የአገር ውስጥ ከተማ ብዙ አልነበረችም። ወረራው በ1928 ሲጀመር ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ደሴ የሚያሳልፍ ፈቃድ ለማግኘት ደጅ ይጠኑ ነበር፤ ተፈቅዶላቸው የመጡትም ኅዳር 26 ቀን 1928 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ በዓይናቸው አይተው ለዓለም ዘግበዋል። ዛሬ ደጅ ጠኚው የደሴ ሰው ቢሆንም ያን ጊዜ ፈቃድ ለማኙ የውጭው ሰው ነበር።

በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣትም የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር።

የኮምቦልቻ ታሪክ በዋናነት የአሽከርካሪዎች ታሪክ ነው። አሰብ ለኮምቦልቻ የጭነት መኪና ሹፌር በባቲና በሚሌ በኩል የሚደረስባት የአገር ውስጥ ወደብ ነበረች፤ ኤርትራ በ1985 ራሷን የቻለች መንግሥት ስትሆን የውጭ አገር ሆነች፣ በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ።

ፓስፖርትና የስም አጻጻፍ

የኢሚግሬሽንና የዜግነት አገልግሎት በደሴ ቅርንጫፍ ስላለው ነዋሪው ለፓስፖርት ብቻ አዲስ አበባ የመመላለስ ግዴታ የለበትም፤ ይህ ለደሴና ለአካባቢዋ ትልቅ እፎይታ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ተሞልቶ አሻራና ፎቶ በአካል ይሰጣል። የመደበኛው አገልግሎት ክፍያ ከ2,000 ብር ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ለአስቸኳይ የሚከፈለው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው ኅዳር 27 ቀን እስኪለቀቁ ድረስ የመንግሥት ቢሮዎች ሥራ ተቋርጦ፣ በርካታ ተቋማትም ተዘርፈው ነበር።

ፓስፖርት ሲወጣ በቀላሉ የሚታለፈው፣ ኋላ ግን ዋጋ የሚያስከፍለው የስም አጻጻፍ ነው። በወሎ እጅግ የተለመደው መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በአምስት ዓይነት ይጻፋል፤ አንዱ በፓስፖርቱ ላይ አንድ «ም» ይዞ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ ሁለት «ም» ይዞ፣ በጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ መነሻ አናባቢው ተለውጦ ሊገኝ ይችላል። በአማርኛ ሲነበብ ልዩነቱ ማንንም አያሳስብም፤ ፋይሉን የሚመረምረው የቆንስላ ሠራተኛ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎችን ያያል። የትውልድ ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ የሚፈጠረው ስህተትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የፓስፖርቱን አጻጻፍ መነሻ አድርጎ የባንኩን፣ የንግድ ፈቃዱንና የፋይዳ መታወቂያውን ከእርሱ ጋር ማስማማት ቀዳሚው ሥራ ነው።

ጉርድ ፎቶም የራሱ ሕግ አለው። ለአውሮፓ 3.5 በ4.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለአሜሪካ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለቱም ነጭ ወይም ነጣ ያለ ጀርባ ይፈልጋሉ። ሒጃብ የሚለብሱ እናቶች ማውለቅ አይጠበቅባቸውም፤ ፊታቸው ከአገጭ እስከ ግንባር መታየቱ ይበቃል። ሰማያዊ መጋረጃ ፊት የተነሳ ፎቶ ግን ዳግም መነሳትን ያስከትላል።

ማስረጃ የማሰባሰብ ሥራ

የቪዛ ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነገር ያጣራል፤ ይህ ሰው ሄዶ ይመለሳል ወይ? የደሴና የኮምቦልቻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስበት ቤት፣ ሱቅና ቤተሰብ አያጣም። የሚያጣው ወረቀቱን ነው፤ ምክንያቱም የአካባቢው ኑሮና ንግድ ከሰነድ ይልቅ በመተማመን የቆመ ነው።

ዕቁብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በደሴ ፒያሳ ወይም በሰኞ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ በየሳምንቱ የሚጥለው ገንዘብ በባንክ በኩል አያልፍም፤ ዕቁቡ ሲወጣለት ግን አንድ ቀን ብዙ መቶ ሺህ ብር በሒሳቡ ላይ ዱብ ይላል። ለነጋዴው ይህ የዓመት ላቡ ነው። የ3 ወይም የ6 ወር የባንክ ስቴትመንት ለሚመረምር ባለሥልጣን ግን ለቪዛ ተብሎ ለጥቂት ቀን የተበደረ ገንዘብ ይመስለዋል። የዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ የፈረሙበትን ደብዳቤ አስተርጉሞ ማያያዝ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ቆንስላዎች ለእንዲህ ያለው ወረቀት ክብደት አይሰጡም የሚሉም አሉ። የሚሻለው የየዕለቱን ሽያጭ አስቀድሞ፣ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በባንክ ማሳለፍ መጀመር ነው።

ሁለተኛው ፈተና ግብር ነው። የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ የሚባለው አነስተኛ ነጋዴ ይህ ደረጃ በ2017 እስኪቀር ድረስ የሒሳብ መዝገብ ሳይዝ በቁርጥ ይከፍል ነበር፤ በግምት ጊዜ ደግሞ ገበያው እንደቀዘቀዘ አጥብቆ የማይናገር ነጋዴ የለም። ይኸው ሰው ኤምባሲ ሲቀርብ ንግዱ የደራ መሆኑን ማሳየት ይፈልጋል። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ ይመሰካከሩበታል።

ተቀጣሪ ከነጋዴው ይቀለዋል፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚጀምር አጭር ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በቂ አይሆንም። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ የቅጥር ዘመኑን፣ የወር ደመወዙን፣ የተፈቀደውን የዓመት ፈቃድ ከየት ቀን እስከ የት ቀን እንደሆነና ሠራተኛው ወደ ሥራው እንደሚመለስ መግለጽ ይኖርበታል። ቤት ያለው ካርታውን፣ ገጠር መሬት ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ያያይዛል፤ ካርታው አሁንም በሟች አባት ወይም አያት ስም የሚገኝበት ቤተሰብ ግን ጥቂት አይደለም፣ የወራሽነት ማስረጃም ጊዜ ይወስዳል። በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል።

የሸንገን ቪዛ

በጽሑፍ በግልጽ የተቀመጠ ሕግ ያለው ይኸኛው በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ይቻላል። የሸንገን ቀጣና በአንድ ቪዛ የሚገባባቸውን 29 የአውሮፓ አገሮች ያቀፈ ሲሆን፣ የጉብኝት ቪዛው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ደንብ ቁጥር 810 ይመራል። ቪዛው በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ ቢበዛ የ90 ቀን ቆይታ ይፈቅዳል። ማመልከቻው ከጉዞው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ተጓዡ ብዙ ቀን የሚቆይበት አገር ኤምባሲ ማመልከቻውን ይቀበላል፤ ቀኖቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚገባበት አገር ይመለከተዋል። ቀጠሮ ቶሎ ስለተገኘ ብቻ ሮም ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሰው በሌላ አገር ኤምባሲ ቢያመለክት ማመልከቻው ይመለስበታል። በርካታ ኤምባሲዎች ፋይል የመቀበሉን ሥራ ቪኤፍኤስን ለመሰሉ የግል ድርጅቶች ሰጥተዋል፤ ውሳኔው ግን የኤምባሲው ነው፣ ድርጅቱ ዘንድ ሰው አለኝ የሚል ደላላ የሚሸጠው ነገር የለም።

ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ያደገ ሲሆን ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉት አይከፍሉም። ፓስፖርቱ ከቀጣናው ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከ10 ዓመት ወዲህ የወጣና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የጉዞ የጤና መድን ሽፋን ከ30,000 ዩሮ አያንስም። አሻራ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ለ59 ወራት ስለሚያገለግል በዚያ ጊዜ ውስጥ ዳግም የሚያመለክት ሰው እንደገና እንዲሰጥ አይጠየቅም።

የውሳኔው ጊዜ በመደበኛው 15 ቀን ነው። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016፣ ኢትዮጵያ በሕገ ወጥ መንገድ የቆዩ ዜጎቿን በመመለስ ረገድ በበቂ ሁኔታ አልተባበረችም በሚል፣ ለኢትዮጵያውያን ጊዜው 45 ቀን እንዲሆን፣ ከማስረጃ ነፃ የማድረግ ልማድ እንዲቀርና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ወሰነ። ከክሱ ጋር ምንም ንክኪ የሌለው የደሴ መምህር ወይም የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ በዚህ ውሳኔ መጉላላቱ ቅሬታ ማስነሳቱ አይገርምም። ቪዛ ያልተመታለት አመልካች ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ቅጽ ይሰጠዋል፤ ይግባኝ የማለት መብትም አለው። የወሎ ልጅ በተለይ ይከለከላል የሚለው ወሬ በሰፊው ቢናፈስም ቅጹ ላይ የትውልድ አካባቢ በምክንያትነት የሚሞላበት ቦታ የለም።

ሌሎች መዳረሻዎች

የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ክፍያ 185 ዶላር ሲሆን ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የሚከለከሉት አብዛኞቹ በኢሚግሬሽን ሕጉ ክፍል 214(ለ) ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ አመልካቹ ላለመቅረት ማሰቡን እስኪያረጋግጥ ድረስ ሊቀር እንዳሰበ የሚቆጥር ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የ3 ወር ቪዛ ሆኗል።

ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ ሩዋንዳና ሲሼልስም እንዲሁ።

ወደ ዱባይ የሚያስገባው በትራቭል ኤጀንት በኩል በኢንተርኔት የሚወጣ የ30 ወይም የ60 ቀን ቪዛ ስለሆነ ኤምባሲ መቅረብን አይጠይቅም። ቅለቱ ግን ለደላላም በር ከፍቷል። ከደቡብ ወሎ ገጠር በርካታ ወጣት ሴቶች በጉብኝት ቪዛ ለሥራ ይላካሉ፤ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሚሰጠው ጥበቃ፣ የሥራ ውልን ጨምሮ፣ ለእንዲህ ዓይነቷ ተጓዥ አይደርሳትም። በቦሌ የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ወደ ዓረብ አገር በቱሪስት ቪዛ የሚወጡትን የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫና የያዙትን ገንዘብ መጠየቃቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ከቪዛ በኋላ

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር መሄድ ይቻላል። አውሮፕላን ማረፊያው በኮምቦልቻ መሬት ላይ ቢሆንም ትኬት ላይ የሚታተመው ዓለም አቀፍ መለያው ዲኤስኢ፣ የደሴ ምልክት ነው፤ ኮምቦልቻዎች ይህን እንደ ቀልድ አይወስዱትም። በመኪና የሚሄድ በከሚሴ፣ በደብረ ሲናና በጣርማ በር አድርጎ ይገባል፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል የኤምባሲ ቀጠሮ ያለው ሰው ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ ቢነሳ ይመረጣል።

ቪዛው ከተመታ በኋላ ባንክ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና ትኬቱን አይቶ የውጭ ምንዛሪ ይሸጣል። ብዙ አገሮች ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ቢጫ ካርድ የሚባለው ይህ ማስረጃ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተደርጓል።