እንቁላል በብርሃን ማየት ምንድን ነው? አውራ ዶሮው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ ሰው ጫጩት ስለማስፈልፈል ሲያስረዳ ሰማሁት። «በ7ኛው ቀን በብርሃን ስታዩት ባዶ የሆነ እንቁላል ሁሉ፣ አውራው ሥራውን ስላልሠራ ነው። አውራውን ቀይሩት» አለ። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ስህተት ነው፤ ጤነኛ አውራ ዶሮም ያሳርዳል።

እንቁላል በብርሃን ማየት ማለት ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ጠንከር ያለ ባትሪ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል አስጠግቶ ውስጡን ማየት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። የሚያሳየን ግን እድገትን እንጂ እንቁላሉ ለም (የጸነሰ) እንደነበረ አይደለም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

የታሸገ ፖስታ ወደ መብራት አንስታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደብዳቤው በደንብ የተጻፈበት ከሆነ መስመሮቹ ጥላ ሆነው ይታያሉ። በ7ኛው ቀን ደህና እያደገ ያለ እንቁላልም እንደዚያው ነው። የደም ሥሮቹ እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተው፣ የጽንሱ ዐይን እንደ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ታዩታላችሁ። ምንም ካልታየስ? ወረቀቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ግን ጸሐፊው «ውድ» ብሎ ጀምሮ ትቶትም ይሆናል። ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም ባዶ ናቸው።

ያቺ «ውድ» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። ለም እንቁላል በተጣለበት ሰዓት ጽንሱ በዶሮዋ ሆድ ውስጥ አንድ ቀን ያህል አድጓል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉት። የደም ሥር ሳይዘረጋ ከሞተ በብርሃን አይታይም። እንዲህ ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በእኛው አያያዝ ነው። ከ7 ቀን በላይ የቆየ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ መቀመጥ ሲገባው ሙቀት ውስጥ የከረመ፣ መንገድ ላይ የተንገጫገጨ እንቁላል ለዚህ ይጋለጣል። መፈልፈያ ማሽኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልክ በላይ ሲሞቅም እንደዚሁ። አውራው በየት በኩል ይጠየቃል?

መልሱን የምታገኙት ፖስታውን ስትከፍቱት ነው። ባዶ ከመሰሏችሁ ጥቂቱን ሳህን ላይ ስበሩና አስኳሉን እዩ። ትንሽ፣ ጥቅጥቅ ያለች ነጭ ነጥብ ብቻ ካለች እንቁላሉ አልጸነሰም ነበር። ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ነጣ ያለ ሽፋን ካያችሁ ግን ጽንስ ነበረው፤ ሞቷል። አታዘግዩት፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር አስኳሉ እየተበላሸ መለየት ይከብዳል። ቀይ የደም ቀለበት በብርሃን ከታየማ መስበርም አያስፈልግም። ደብዳቤው ተጀምሮ ነበር፤ ተቋርጧል።

ፖስታው ራሱም ይለያያል። ነጭ ቅርፊት በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ያሳያል። ጠቆር ያለ ቡናማ ቅርፊት ግን ብርሃን በደንብ አያሳልፍም፤ በ7ኛው ቀን «ባዶ ነው» ብላችሁ አትጣሉት።

ውሃ ውስጥ ከትቶ መፈተንንም ተዉት። መንሳፈፉ የሚነግራችሁ የአየር ክፍሉ መስፋቱን ነው፤ የሞተውም ይንሳፈፋል። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃው ጀርም ይዞ ይገባል።

የተጠራጠራችሁበት ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ወደ ማሽኑ መልሱት። በ10ኛው ቀን ድጋሚ እዩት። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን አትነካኩት፤ ጫጩቱ ለመውጣት ቦታውን እየያዘ ነው።