አካታችነት ምንድን ነው? (ስፖት መጨመር እንዳልሆነ እንስማማ)

ሰሞኑን አንድ ግሩፕ ላይ የኦዲሽን (የተዋናይ መምረጫ) ማስታወቂያ ወጣ፣ «ዕድሜ ከ20 እስከ 28፣ ቀይ፣ ቁመናዋ ያማረ» ይላል። አንዲት ልጅ ስሩ «ጠይሞቹስ የት እንሂድ?» ብላ ጻፈች፣ በቃ ቀወጢ ሆነ። አዘጋጁ ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? «እኛ ዘረኛ አይደለንም፣ ሁላችንም ጥቁር ነን»። ከሱ በታች ደሞ አንድ ወንድማችን፣ ስሙን አልጠራም፣ «ይሄ አካታችነት የምትሉት ኮታ ነው፣ ጥቁር ተዋናይ ካላስገባህ ትወድቃለህ ነው ነገሩ፣ ኦስካርን ያበላሸ ነገር ወደኛ አታምጡብን» ብሎ በረጅሙ ተነተነ። ላይኩም ዘነበ።

ኦስካሩን ቶሎ ልጨርሰው። ሽልማቱን የሚሰጠው አካዳሚ በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2024ቱ ሽልማት የጀመረው መስፈርት ለምርጥ ፊልም ዘርፍ ብቻ ነው፣ አራት መስፈርት አለ፣ ሁለቱን ያሟላ ያልፋል። ከአራቱ ስክሪን ላይ ስለሚታየው የሚያወራው አንዱ ነው። የቀሩት ከካሜራ ጀርባ ስላሉት ባለሙያዎች፣ ደሞዝ ስላለው የሥራ ልምምድ፣ ማርኬቲንጉን ስለሚመሩት ሰዎች ነው። ስለዚህ ተዋናዮቹ በሙሉ ነጭ የሆኑበት ፊልምም ሊያልፍ ይችላል። «ጥቁር ተዋናይ ካላስገባህ ትወድቃለህ» የሚለውን ያ ወንድማችን ከየት እንዳመጣው እንጃ።

እኔን ያናደደኝ ግን የአዘጋጁ መልስ ነው። ሥራዬ የመድረክ መብራት ነው። ልምምድ ላይ አንድ ተዋናይ «እዚህ ጋ ስቆም አልታይም» ካለኝ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ጨለማ አልወድም» ብዬ አልመልስለትም፣ መሰላሌን ይዤ እወጣለሁ። ልጅቷ ስለ አዘጋጁ ልብ መች ጠየቀች? መብራቱ ወዴት እንደዞረ ነው የጠየቀችው።

አካታችነት በኔ አፍ መብራቱን እንደገና መስቀል ነው፣ ማለትም ሁሉም እንዲታይ አሠራሩን ራሱን መቀየር። ሰው የሚመስለው ግን ያለው እንዳለ ሆኖ ለዛ ለማይታየው ሰውዬ አንድ ስፖት (አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፍ ጠባብ መብራት) መጨመር ነው። ስፖት ደሞ አያችሁ፣ ውስጡ የቆመ ሰው ይታያል፣ እሱ ግን ምንም አያይም፣ ዓይኑን ያጠፋዋል። ሁለት እርምጃ ከተራመደ ጨለማ ውስጥ ነው። ተመልካቹ ደሞ ትወናውን ትቶ «ይሄ ሰውዬ ለምን ተለይቶ በራ?» ይላል። ያቺ ፖስተር ላይ ብቻ የምትታይ አንዷ ጠይም ልጅ፣ ድርሰቱ ውስጥ ሁለት መስመር ያላት፣ እሷ ስፖት ውስጥ ናት። (በነገራችን ላይ ጥቁር ቆዳን ከፊት ለፊት ብርሃን በመጨመር አታወጣውም፣ አጠገቡ ያለውን ቀይ ሰው ታቃጥለዋለህ እንጂ። ከጎንና ከኋላ ነው የሚመታው። ርካሽ ሌድ (LED) መብራት ደሞ ቀዩን ቀለም ስለማያወጣ ጠይሙን ሁሉ አመድ ያስመስለዋል፣ ይሄን ለፕሮዲውሰሮች ስናገር ዓመታት ሆነኝ፣ የሚሰማ የለም።)

«ማንም ክፉ ሳይሆን እንዴት ሰው ይገለላል?» ለምትሉ፣ የድሮውን የኮዳክ የፎቶ ፊልም አስቡ። የቀለም ማስተካከያው የሚደረገው የነጭ ሴት ፎቶ ያለበት ካርድ እየታየ ነበር፣ «ሸርሊ» ይሉታል፣ ጥቁር ሰው በዛ ፊልም ሲነሳ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። ነገሩ እንዲስተካከል ከገፉት መሀል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች አሉበት፣ ቡኒው አልለይ አላቸዋ! ያን ካርድ ያሳተመው ሰውዬ ጥቁር ይጥላ አይጥላ ምን ያደርግልናል። እኛም ጋ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም በዛን ዘመን የሴቷን ገጸ ባህሪ ቀሚስ አጥልቆ የሚጫወተው ወንድ ነበር። አዘጋጆቹ እናቶቻቸውን ይወዱ ነበር። መድረክ ግን የአዝማሪ ቦታ ነው ተብሎ ለጨዋ ልጅ ነውር ነበር፣ ሴት ደሞ የባሰ።

ሌላው ጣጣ «ዘር» የሚለው ቃላችን ነው። የእህሉም ዘር፣ የብሔሩም ዘር፣ የቆዳውም ዘር አንድ ላይ ታጭቀዋል። የአሜሪካ ጭቅጭቅ ተተርጉሞ ሲመጣ ግማሹ ሰው ስለ ብሔር ይሰማና ቡጢ ይጨብጣል፣ ልጅቷ እኮ ያወራችው ስለ ቀይ፣ ስለ ቀይ ዳማ፣ ስለ ጠይም ነው። ያ ወንድማችን «ቀይ መልክ እንጂ ዘር አይደለም» አለ። እሺ ይሁንልህ፣ መልክ ነው። ታዲያ ሙሽራዋ ሁሌ ቀይ፣ ሠራተኛዋ ሁሌ ጠይም የሆነችው በምን ሂሳብ ነው?

አሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. ከ300 በላይ ነጭ ያልሆኑ የቴአትር ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ከዛ ዝርዝር ጥያቄ ሲያወጡ፣ አንዱ ምን ነበር፣ በቴክኒክ ልምምድ (መብራትና ድምፅ ከትወናው ጋር በሚገጣጠምበት) ጊዜ ያለው የ12 ሰዓት ቀን ይቅር የሚል። እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ምክንያቱም ቆዳ ቆዳ ሲባል ሰዓት ትዝ የሚለው የለም። ረዳቴ የነበረች ጎበዝ ልጅ ሥራውን የተወችው ማንም ሰድቧት አይደለም፣ ማታ 5 ሰዓት ላይ ኬብል ጠቅልላ ስትወጣ ስቴዲየም ጋ ታክሲ አጥታ ስለምትቆም ነው። ይሄም መብራት አሰቃቀል ነው።

እርግጥ ምሳሌዬ እስከመጨረሻው አይሄድም። ፓር የሚባለውን የመድረክ መብራት አውርደህ ሌላ ጋ ብትሰቅለው አይቀየምም፣ ተዋናይ ግን ይቀየማል፣ ያውም ለሃያ ዓመት መሀል መድረክ የቆመ። ጩኸቱ ግማሹ ከዛ ነው የሚመጣው፣ እሱንም ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነው እንጂ ኮመንት በማጥፋት አይፈታም።

ትናንት ማታ ማስታወቂያው ተስተካክሎ አየሁት። «ቀይ» የምትለዋ ወጥታ «ማራኪ» ገብታለች፣ ስሩ «አሁን ደስ አላችሁ?» የሚል አለ። የልጅቷ ጥያቄ ጠፍቷል። ኦዲሽኑ ቅዳሜ ነው፣ መብራቱን የምዘረጋው ደሞ እኔ ነኝ፣ ያቺን አመድ የምታስመስል ሌድ ቤት ትቻት ነው የምሄደው።