ፕላስቲክ ብረት ይበላል? ስለ ኤክስትሩደር የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ቧንቧም ይሁን ፊልም፣ ፕላስቲክ አቅልጦ የሚያወጣ ኤክስትሩደር ዋናው ሥራ ያለው በሁለት ዕቃዎች ላይ ነው፤ በስክሩና ስክሩ በሚዞርበት ባሬል። በስክሩ ጥርስ ጫፍና በባሬሉ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። አዲስ ማሽን ላይ በአንድ ጎን ከስክሩ ዲያሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ይሆናል። ስክሩ 100 ሚሊሜትር ከሆነ ክፍተቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህ ክፍተት እንዴት እንደሚሰፋ በየወርክሾፑ ከሚባለው ውስጥ ብዙው ልክ አይደለም።

«ፕላስቲክ ለስላሳ ነው፤ ብረት አይበላም»

ንጹሕ ፖሊኢትሊን ብቻ የሚሠራ ማሽን እውነትም ዕድሜው ረጅም ነው። ጉዳት የሚያመጣው ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የሚገባው ነው። ፋይበርግላስና ነጭ ቀለም የሚሰጠው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ካልጠነከረ ብረት ይበልጥ ጠንካራ ናቸው። በከፍተኛ ግፊት ሲያልፉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። ተፈጭቶ ተመልሶ የሚገባ ፕላስቲክ ደግሞ አሸዋና የብረት ቁራጭ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሆፐር (ጥሬ ፕላስቲኩ የሚገባበት ፈንል) ላይ ማግኔት ማስቀመጥ በጣም ርካሽ መከላከያ ነው፤ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

መፋቅ ብቻም አይደለም። ፒቪሲ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ሆኖ ብረቱን ይቦረቡራል። ስለዚህ ማሽኑን በፒቪሲ እንደተሞላ አሙቆ ማቆም ትልቅ ጥፋት ነው። ከማቆም በፊት በሌላ ቁስ ማጠብ ያስፈልጋል።

«ምርቱ ስላልቀነሰ ስክሩ ደህና ነው»

ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። በስክሩ መውጫ ጫፍ አካባቢ ክፍተቱ ሲሰፋ የቀለጠው ፕላስቲክ በጥርሱ ላይ ወደ ኋላ መፍሰስ ይጀምራል። በግፊት የሚመጣው ይህ ፍሳሽ ከክፍተቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚያድገው። ክፍተቱ እጥፍ ከሆነ ፍሳሹ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ኦፕሬተሩ ግን ምርቱ ሲወርድ ዝም ብሎ አያይም፤ ዙሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ምርቱ ይመለሳል፣ ሪፖርቱም ያምራል።

በዚህ መሀል ግን የፕላስቲኩ ሙቀት ይጨምራል፣ ለአንድ ኪሎ የሚወጣው ኤሌክትሪክም ያድጋል። በባሬሉ ግድግዳ ላይ ሳይጠረግ የሚቀረው የፕላስቲክ ሽፋንም ይወፍራል። ፕላስቲክ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ሙቀቱን መቆጣጠር ይከብዳል። ስለዚህ መታየት ያለበት ጠቅላላ ምርቱ ሳይሆን በሰዓት የሚወጣው ኪሎ ለዙሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ቁስም ዳይም (ፕላስቲኩ ቅርጽ ይዞ የሚወጣበት አፍ) ሳይቀየር ይህ ቁጥር ቀስ በቀስ ከወረደ ስክሩ ወይም ባሬሉ ተበልቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

«ባዶውን ቢዞር ምን ይሆናል?»

ብዙ ይሆናል። ስክሩ በብረት የተያዘው በጊር ቦክሱ በኩል ብቻ ነው። ሌላው ጫፍ የሚደገፈው በቀለጠው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ከሌለ ስክሩ ባሬሉ ላይ ይተኛና ብረት ከብረት ይፋተጋል። ሙቀቱ ሳይደርስ ማስነሳትም እንዲሁ ጎጂ ነው። ቴርሞሜትሩ የሚፈለገውን ቁጥር ስላሳየ ውስጡ ቀልጧል ማለት አይደለም፤ ጊዜ ይፈልጋል።

«ጠንከር ያለ ብረት ሁሌም ይሻላል»

ዋናው ነገር የስክሩና የባሬሉ ብረት መስማማት ነው። አንዳንድ ብረቶች ሁለቱም ጠንካራ ሆነው ሲፋተጉ እርስ በርሳቸው ይቦጫጨራሉ። ናይትራይድ የተደረገ፣ ማለትም በናይትሮጅን የጠነከረ ብረትም ጥንካሬው ላዩ ላይ ነው፤ ጠንካራው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር አያልፍም። እሱ ካለቀ በኋላ መበላቱ በድንገት ይፈጥናል። ፋይበርግላስ ለሚያሠራ ሰው ውስጡ በወፈረ ቅይጥ የተሸፈነ ባይሜታል ባሬል ይሻለዋል።

«ተበልቷል ከተባለ ተበልቷል፤ የት እንደሆነ ምን ለውጥ አለው?»

እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሆነ ነው። ምክንያቱ ከቦታው ይታወቃል። መሀል ላይ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጥልቀት በሚቀንስበት ክፍል ከተበላ፣ ያልቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ሽብልቅ ተወትፎ ስክሩን ወደ ጎን እየገፋው ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ አዲስ ስክሩ ከመግዛት በፊት የባሬሉን የመጀመሪያ ማሞቂያ ዞኖች ሙቀትና የስክሩን ዲዛይን መፈተሽ ይቀድማል። ስክሩ ዙሪያውን እኩል ተበልቶ ባሬሉ በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ፣ ጥርጣሬው ባሬሉ ከጊር ቦክሱ ጋር መስመሩን ስቷል የሚል ነው። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ስክሩ በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ፣ ስክሩ ሳይጎብጥ አልቀረም። ላዩ የተቦረቦረና የደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ወደ አሲድ ያመለክታል። ምክንያቱ ሳይገኝ የተቀየረ ስክሩ በዚያው ቦታ እንደገና ይበላል።

«ስክሪን ቢዘጋ ምርት ይቀንሳል እንጂ ማሽን አይጎዳም»

ስክሪን ከዳዩ በፊት ቆሻሻ የሚያጣራ ወንፊት ነው፤ ሲዘጋ ስክሩ ጫፍ ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል። ይህ ግፊት ስክሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። 100 ሚሊሜትር ስክሩ በ300 ባር ሲሠራ ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ወደ 24 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከስክሩ ኋላ ያለው ኩሽኔታ ነው። በሮለር ኩሽኔታ ላይ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስክሪን በጊዜው መቀየር ኩሽኔታንም ያድናል።

«የተበላ ስክሩ ይጣላል»

አብዛኛውን ጊዜ አይጣልም። ጥርሱ በጠንካራ ቅይጥ ተበይዶ ወደ ልኩ ይሞረዳል። ባሬሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሰፋ ስክሩን ትንሽ አወፍሮ ከእሱ ጋር ማስተካከልም ይቻላል። ለዚህ ግን ልኬት ያስፈልጋል። ስክሩ ወጥቶ፣ በናስ መጥረጊያ ጸድቶ፣ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተለያዩ ቦታዎች ይለካል። ባሬሉም በውስጥ መለኪያ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። በጋዝ እሳት ማጽዳት ስክሩን ሊያጎብጠው፣ ላዩንም ሊያለሰልሰው ይችላል። የመጀመሪያው ልኬት ማሽኑ አዲስ ሳለ ቢመዘገብ ከሁሉ ይበልጣል፤ ያለበለዚያ የኋለኛው ቁጥር የሚነጻጸርበት የለውም።