ከጎዳና ለሚወጡ ሰዎች የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ከጎዳና ለሚወጡ ሰዎች የሚሠሩ የትንንሽ ቤቶች መንደሮች እየበዙ ነው። አንዱ እንደ ተአምር ያወራላቸዋል፤ ሌላው ያጣጥላቸዋል። በመሀል የሚጎዱት ቤቱን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። ደጋግመው የሚነሱትን አመለካከቶች እንያቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ያው መጠለያ ነው፤ ስሙን አሳምረውት ነው»

አንዳንዱ እውነትም መጠለያ ነው። ሎስ አንጀለስ በ2021 መክፈት የጀመረቻቸው ቤቶች 6 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። ሽንት ቤቱም ሻወሩም ውጭ ነው። ሰው ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ይቆይባቸዋል።

ኦሊምፒያ፣ ዋሽንግተን ግዛት ያለው ኪሆቴ ቪሌጅ ግን ሌላ ነው። መንደሩን የመሠረቱት ከ2007 ጀምሮ ድንኳናቸውን ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ሌላው ሲያዞሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። በ2013 መጨረሻ 30 ጎጆዎች ተከፈቱ። እያንዳንዷ 13 ካሬ ሜትር ገደማ ብትሆንም የራሷ ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ አላት። ወጥ ቤቱ፣ ሻወሩና የልብስ ማጠቢያው በጋራው ቤት ውስጥ ነው። ንድፉ ሲወጣ ነዋሪዎቹ ተጠይቀው ነበር። የተያያዙ ክፍሎች አልፈለጉም። ውስጡ ቢጠብም ቤቱ ለብቻው ይቁም፣ በረንዳም ይኑረው አሉ። ለዓመታት በሰው ፊት የተኛ ሰው በሩን ቆልፎ ማደር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

ስለዚህ አዲስ መንደር ሊሠራ ነው ሲባል እኔ ከስፋቱ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየው የተከራይነት መብት አለው ወይ? እስከ መቼ መኖር ይችላል? ሲታመም ወይም ወረቀት ሲወሳሰብበት የሚያግዘው ሶሻል ወርከር እዚያው አለ?

«በነፃ ይታደላል»

ኪሆቴ ቪሌጅ ነዋሪው ከገቢው 30 በመቶ ይከፍላል። ኦስቲን፣ ቴክሳስ ያለው ትልቁ የኮሚኒቲ ፈርስት መንደርም ኪራይ ያስከፍላል፤ አትክልት ቦታውና ወርክሾፖቹ ደግሞ ለነዋሪው የገቢ ምንጭ ናቸው። ዲትሮይት ውስጥ ባለ አንድ መንደር ደግሞ የወር ኪራዩ በአንድ ስኩዌር ፊት (0.09 ካሬ ሜትር ገደማ) 1 ዶላር ነው። ሰባት ዓመት በአግባቡ የከፈለ የቤቱ ባለቤት ይሆናል።

«መጀመሪያ ከሱሱ ይላቀቅ፣ ከዚያ ቤት ይሰጠው»

ይህን ብዙ ሰው በቅንነት ያምነዋል። ግን እስቲ አስቡት። መንገድ ዳር እያደሩ መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ፣ የሐኪም ቀጠሮ ማክበር፣ መታወቂያ እንኳ ሳይሰረቅ ማቆየት እንዴት ይቻላል?

በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ «ቤት ይቅደም» የሚባል አሠራር ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ቤቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ይሰጣል፤ ሕክምናው በሰውየው ፈቃድ ይከተላል። ካናዳ ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች፣ ከ2,000 በላይ ሰዎችን አካታ ሞከረችው። ቤት የቀደመላቸው ከሌሎቹ በተሻለ በቤታቸው ረግተው ቆዩ። እውነቱን ለመናገር፣ በሱስ በኩል ከተለመደው አገልግሎት ያን ያህል ልዩነት አልታየም። የተሰጣቸውም በአብዛኛው መደበኛ አፓርታማ ነው። የትንንሽ ቤቶቹ መንደሮችም ሁሉ በዚህ መንገድ አይሄዱም፤ መጠጥና ዕፅ ግቢ እንዳይገባ የሚከለክሉ አሉ።

«ሰፈሩን ያበላሸዋል»

ስጋቱ ይገባኛል። ግን ሰዎቹ ከሌላ ፕላኔት አይመጡም፤ ብዙዎቹ እዚያው ከተማ ድልድይ ሥር የነበሩ ናቸው። ለውጥ የሚያመጣው አስተዳደሩ ነው። የግቢ ደንብ አለ? ችግር ሲፈጠር ጎረቤት የሚደውልለት ሰው አለ?

«ርካሽ ነው፤ ምን አለው፣ እንጨትና ቆርቆሮ»

ግድግዳና ጣሪያው እውነትም ብዙ አይፈጅም። ወጪው ያለው ከመሬቱ፣ ከውሃው፣ ከፍሳሽ መስመሩና ከመብራቱ ላይ ነው። ኪሆቴ ቪሌጅ ከነጋራ ቤቱ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ በቤት ሲካፈል 100 ሺህ ገደማ ይመጣል። ከዚያ ነዋሪዎቹን የሚያግዙት ሠራተኞች ደመወዝ በየዓመቱ አለ። በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ድጋፍ መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል።

«የቤት ችግሩን ይፈታዋል»

ለብቻው አይፈታውም። ባለ አንድ ወለል ጎጆዎች ሰፊ መሬት ይዘው ጥቂት ሰው ያኖራሉ። መሬት ውድ በሆነበት ከተማ፣ በዚያው ቦታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ እጅግ ብዙ ሰው ያስገባል። መንደሩ የሚያዋጣው ባዶ ቦታ ሲገኝ፣ ቶሎ ሰው ማስገባት ሲያስፈልግ፣ ወይም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከአፓርታማ ይልቅ ለብቻው የቆመ ቤት ሲመርጡ ነው።