በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የአፈር ንብርብር ምንድን ነው?

እንጀራ እየተጋገረ ሲደራረብ መጀመሪያ የወጣው ከታች ይሆናል። ሰው ለብዙ ዘመን የኖረበት መሬትም እንዲሁ ነው። ቤት ይፈርሳል፣ አመድና ገል ይደፋል፣ ጎርፍ ደለል ያመጣል፤ ከዚያ ሌላ ትውልድ መጥቶ በላዩ ላይ ወለሉን ይጠቀጥቃል። እያንዳንዱ በቀለሙም በጥንካሬውም የሚለይ አፈር ትቶ ያልፋል። ንብርብር የሚባለው ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ማንበብ ደግሞ ስትራቲግራፊ ይባላል።

ለዚህ ከቻይናው ሆጋንግ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። ሆጋንግ በሄናን ግዛት፣ ሻንግ የተባለው የጥንት ቻይና ሥርወ መንግሥት ነገሥታት የመጨረሻ መናገሻ በነበረችው በአንያንግ፣ ከኋን ወንዝ ዳር ያለ ጉብታ ነው። ሊያንግ ስዮንግ የተባለው ወጣት አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲቆፍረው ሊቃውንቱን አንድ ጥያቄ ሰንጎ ይዟቸው ነበር። በ1921 በያንግሻኦ መንደር ባለቀለም ሥዕል ሸክላ ተቆፍሮ ወጥቷል። በ1928 ደግሞ በምሥራቅ፣ በሻንዶንግ፣ ሎንግሻን ተብሎ የተጠራው የጥቁር ሸክላ ባህል ተገኝቷል። የትኛው ይቀድማል? ወይስ ጎን ለጎን የኖሩ ሰዎች ሥራ ናቸው? ለየብቻ በተለያየ ቦታ እስከተገኙ ድረስ መልስ አልነበረም።

ሆጋንግ ላይ ግን ተደራርበው ተገኙ። ከላይ የሻንግ ዘመን ዕቃ ያለበት ፈዛዛ ግራጫ አፈር፤ ከሥሩ ጥቁር ሸክላ የያዘ አረንጓዴ የመሰለ አፈር፤ ከሁሉም በታች ጠቆር ያለ ግራጫ አፈር፣ በውስጡም ባለሥዕሉ ገል። በዚያ ቦታ ያንግሻኦ ቀደመ፣ ሎንግሻን ተከተለ፣ ከዚያ ሻንግ መጣ። ዕድሜን በካርበን 14 መለካት ገና ባልታወቀበት ዘመን ይህን የመሰከረው አፈሩ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንብርብርን ከጥልቀት ጋር አንድ ሲያደርገው ነው። አንድ የሻንግ ዘመን ገበሬ የእህል ጉድጓድ ቆፈረ እንበል። ጉድጓዱ የጥንቶቹን ወለሎች በስቶ ይወርዳል፤ የሰውየው ማሰሮም እሱ ከመወለዱ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ከተጠቀጠቀ ወለል በታች ተሰብሮ ይቀራል። ሜትር ብቻ ይዞ የሚቆፍር ሰው ማሰሮውን የሁሉ ታላቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥንቁቅ ቆፋሪ ግድግዳውን በስሱ ይፍቃል፣ ቀለሙ እንዲወጣ ውኃ ይረጭበታል፣ የጉድጓዱን አፍ ከየትኛው ወለል እንደተጀመረ ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ነው በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አፈር ለብቻው የሚያወጣው። የተቆፈረ ንብርብር ተመልሶ ስለማይነጠፍ፣ ገሉ ሁሉ ከየትኛው አፈር እንደወጣ እዚያው ይጻፍበታል።

ቅደም ተከተል ግን ዝምድናን አይናገርም። ሎንግሻን ከያንግሻኦ ተወለደ ወይስ ከሌላ ቦታ መጥቶ ተካው? ሆጋንግ ይህን አልፈታም። በ1956 እና 1957፣ ከሳንመንሽያ ግድብ ሥራ ቀድሞ ሚያኦዲጎው በተባለ ሌላ የቻይና ቦታ ላይ ሲቆፈር፣ በሁለቱ መካከል የሚገባ ንብርብር ተገኘ፤ ሸክላው ግማሹ ያለፈውን፣ ግማሹ የሚመጣውን ይመስል ነበር።