«ከውጭስ?»፦ ሁለተኛ ቡድን ምንድን ነው?

ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ነኝ። ሾፌሩ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ከረዳቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ወንድሜ፣ ማንን ነው የምትደግፈው?» አለኝ።

«ቡናን።»

«እሱስ ይሁን፤ እኔ ቡድንህን ነው የጠየቅኩህ። ከውጭስ?»

«አርሰናል።»

ረዳቱ ከኋላ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሊያወርድ የፈለገው እኔን መሆኑ የገባኝ ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅ ነው።

ሾፌሩ ያላትን ነገር ልብ በሉ። ኢትዮጵያ ቡናን ስጠራለት መልስ የሰጠሁት አልመሰለውም። እዚሁ ከተማ የተወለደው ክለብ «እሱስ ይሁን» ተባለ፤ ለንደን ያለው ደግሞ «ቡድንህ» ተባለ። ስለ ሁለተኛ ቡድን ማውራት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛ ቡድን ማለት ሰው ዋናውን ቡድኑን ሳይተው ልቡ የሚያደላለት ሌላ ቡድን ነው። ፍቺው ይኸው ነው፣ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከሁለቱ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሁለተኛ እንደሆነ መለየቱ ነው፤ ደጋፊው ራሱ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ይነግራችኋል።

«ቲፎዞ» የምንለው ቃል እንደ «ማልያ» እና እንደ «ካልቾ» ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጣልያኖቹ የኳስ ፍቅርን የሚጠሩበት «ቲፎ» የሚለው ቃል በቋንቋቸው የተስቦ በሽታም ስም ነው። እንግዲህ ቲፎዞ ማለት ከሥሩ ሲታይ ተስቦ የያዘው ሰው እንደማለት ነው። «እውነተኛ ደጋፊ አንድ ቡድን ብቻ ነው ያለው» የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ሁለት ተስቦ ባንዴ እንዴት ይይዛል? እኔ ይይዛል ባይ ነኝ። ትኩሳቱ ግን እኩል አይሆንም።

ትኩሳቱን የምለካው በግሥ ነው። አማርኛ በዚህ በኩል አያስዋሽም፤ ግሡ ጫፍ ላይ ማን እንደሆንክ ይለጠፋል። «ተሸነፍን» ካልክ አብረህ ወድቀሃል። «ተሸነፉ» ካልክ ዳር ቆመህ አይተሃል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ7 ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተማሪዎችን ያጠናበትን ሥራ አሳትሞ ነበር። ኳሱ የነሱ፣ የአሜሪካኖቹ፣ በእጅ የሚያዘው ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ቅዳሜ ካሸነፈ ሰኞ ክፍል ውስጥ የትምህርት ቤታቸውን ስም ወይም አርማ የያዘ ልብስ የሚለብሱት ይበዛሉ። ስልክ ተደውሎ ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ደግሞ ላሸነፉበት ጨዋታ «እኛ» ማለት ይቀናቸዋል፣ ለተሸነፉበት ግን «እኛ»ዋ ትጠፋለች። ከዚያ በፊት በተሰጣቸው አጭር ፈተና ውጤታችሁ ደካማ ነው የተባሉት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ባሰ። ቀኑ የጨለመበት ሰው የሰው ድል መሞቅ ይፈልጋል ማለት ነው።

እኔ ይህንን ወስጄ ለሁለተኛ ቡድን መለኪያ አደረግኩት። ሲሸነፍ «ተሸነፍን» የምትልለት አንደኛህ ነው። ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» የምትልለት ሁለተኛህ ነው። በዚህ ሚዛን የአዲስ አበባን ደጋፊ መዝኑት። ዩናይትድ ከተሸነፈ ራት የማይበላ፣ ስልኩን ዘግቶ የሚተኛ ሰው አውቃለሁ፤ ለብሽሽቅ ፊት መስጠት ስለማይችል ነው። ይኸው ሰው የጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ ይላል፤ ጊዮርጊስ መሸነፉን ግን ማክሰኞ ከሰው ይሰማል። «አይ፣ ተሸነፈ እንዴ?» ይላል። «ተሸነፈ»። ሩቅ ያለ ዘመድ ታመመ ሲባል እንደሚባለው።

እንዲህ አልነበረም። ቡድን ድሮ የሚመረጥ ነገር አልነበረም፤ የሰው ማንነቱ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን አገሩን እየወረረ ባለበት ሰዓት፣ አራዳ በነበሩ ወጣቶች ነው። በወረራው ዘመን ስሙን አስቀይረው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ነጻነት ተመልሶ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር ሲካሄድ 5 ቡድኖች ነበሩ፦ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣልያኖች፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን እና ጊዮርጊስ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። እዚያ ሜዳ የመጣ ሐበሻ «ማንን ልደግፍ?» ብሎ የሚያስብበት ምክንያት ምን አለ? የአርመንን ቡድን ሁለተኛዬ ነው የሚል ቢኖር ጤንነቱ ይጠረጠር ነበር። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤት ቡድኖች መጡ። የጦሩ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ትልልቆቹ እስካሁን ቡና ገበያ የሚሉት የእኛው ቡና። አባት የሚሠራበት ቡድን የቤቱ ቡድን ይሆናል። የሰፈር፣ የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ከዚያ ሳተላይቱ መጣ። ለብዙዎቻችን መግቢያው አፍሪካዊ ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ንዋንኮ ካኑ ቼልሲ ሜዳ ላይ 2 ለ 0 ተመርቶ የነበረውን አርሰናል ብቻውን በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች 3 አግብቶ 3 ለ 2 አሸናፊ አደረገው፤ ሦስተኛዋን ከመስመሩ ጥግ፣ አንግል ከሌለበት። እንደ እኛ ጥቁር የሆነ ቀጭን ረጅም ልጅ ፈረንጅ መሐል እንዲህ ሲሆን ያየ ልጅ ማልያው ከልቡ አይወጣም። ሎረንና ኮሎ ቱሬ ባሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003/04 38 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሲጨርሱማ የነገሩ ማኅተም ተመታ። ድሮግባና ኤሲየን ደግሞ ለቼልሲ ሌላ ትውልድ አመጡለት።

የእኛ ሊግ በበኩሉ ከደጋፊው ራቀ፤ እዚህ ላይ ደጋፊውን ብቻ መውቀስ ደስ አይለኝም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ቡድኖቹ ሁሉ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው፣ ጥቂት ሳምንት እዚህ ጥቂት ሳምንት እዚያ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱበት አሠራር መጣ። አዲስ አበባ ስታዲየምም ለእድሳት ተዘጋ። የሸገር ደርቢን፣ የቡናና የጊዮርጊስን ግጥሚያ፣ ለማየት የሸገር ልጅ አዳማ ወይም ሐዋሳ ይጓዝ ጀመር፤ ካልሆነ ቴሌቪዥን ላይ ያይ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ከሆነ ደግሞ ቡናም አርሰናልም አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ፣ አንዱ ቁልፍ ከሌላው ቁልፍ አይርቅም። ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰኔ 2014 ዓ.ም. የተጫወተው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። ሜዳው የራቀ ቡድን ሁለተኛ ቢሆን ምን ይገርማል?

እንግሊዝ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ሁለተኛ ቡድን ሲባል ብዙውን ጊዜ ቤትህ አጠገብ ያለች፣ ታች ዲቪዚዮን የምትጫወት ትንሽ ክለብ ናት፤ ቅዳሜ ትልቁ ቡድንህ ካልተጫወተ ሻይህን ይዘህ ታያታለህ። ብትሸነፍ አይከፋህም። እኛ የቅርቡን ለዚያ ቦታ አጨነው፣ ራት የሚያስተወንን ደግሞ ከባሕር ማዶ አመጣነው።

ሁለተኛ ቡድን የሚያዝበት ሌላም መንገድ አለ። በአዘኔታ የሚያዝ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015/16 አቋማሪዎች 5000 ለ 1 የሰጡት ሌስተር ሻምፒዮን ሲሆን ያልደገፈው ማን ነበር? በዓመቱ የት ሄዱ? ተጫዋች ተከትሎም ይያዛል። ሳላዲን ሰይድ ወደ አል አህሊ ሲሄድ በብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ግብፅን የሚረግም ሰው የካይሮ ክለብ ውጤት መጠየቅ ጀመረ። ሳላዲን ሲለቅ አህሊም አብሮ ከልብ ወጣ። እንዲህ ያለው ፍቅር እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሲሄድም ቅር አይልም።

እውነተኛው ፈተና ሁለቱ አንድ ሊግ ውስጥ ሲሆኑ ነው። ቡናና ጊዮርጊስን ባንድ ላይ እደግፋለሁ የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ኳስ አይወድም ማለት ነው፣ አትከራከሩት። ጎንደር ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው ጓደኛዬ ግን ያሳዝነኛል። ልጅ ሆኖ አጎቱ ስታዲየም ይዘውት እየገቡ ጊዮርጊስን አስወደዱት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እናቱ ከጎንደር ደውለው «ልጄ፣ አሸነፍን እኮ!» አሉት። «አዎ እማዬ፣ አሸነፍን» አለ። ዋሽቷል ብዬ አላምንም። ሁለቱ ሲጋጠሙ ምን እንደሚያደርግ ጠይቄው «አቻ ነው የምጸልየው» አለኝ። ጸሎቱ ካልሰመረ ደግሞ ለተሸነፈው ያዝናል። የኔ ሚዛን እዚህ ጋ ይሰበራል፤ ለሁለቱም «ተሸነፍን» የሚል ሰው ነውና። እንዲህ ያለውን የሚፈጥረው ስደት፣ ዝውውር፣ ጋብቻ ነው እንጂ የማስታወቂያ ጉዳይ አይደለም።

ብሔራዊ ቡድን ሌላ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብታ ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው ቀርተን፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። አዳነ ያኔ የጊዮርጊስ ነበር። በደርቢ ቀን ስሙ ሲጠራ የምናጉረመርም የቡና ልጆች ያን ማታ በቁማችን ዘለልን፤ አጠገቤ የነበረው የጊዮርጊስ ደጋፊ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። በነጋታው ወደየቤታችን ተመለስን። እስካሁን ግን አዳነን ሙሉ ልቤን ሰጥቼ መስደብ ከብዶኝ ቀረ።

ቤቲንግ ደግሞ ሦስተኛ ግሥ አመጣብን። ትኬት የያዘ ልጅ «ተሸነፍን»ም «ተሸነፉ»ም አይልም፤ «ተበላሁ» ነው የሚለው። ነጠላ ቁጥር። የራሱ ቡድን እንዲሸነፍ አስይዞ፣ ማልያውን ለብሶ፣ ጎል ሲገባበት በሹክሹክታ የሚደሰት አይቻለሁ። ይህ ሁለተኛ ቡድን ያለው ሰው አይደለም። ምንም ቡድን የለውም።

ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚደገፍ ቡድንም አለ፤ የማልረሳውም እሱን ነው። ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ቶተንሃም ከማንችስተር ሲቲ። አርሰናል ዋንጫ እንዲያነሳ ቶተንሃም፣ የዘላለም ባላንጣው ቶተንሃም፣ ሲቲን ማስቆም አለበት። ለንደን ላይ የቶተንሃም ደጋፊዎች ብዙዎቹ መሸነፍን መርጠው ነበር፤ አሰልጣኛቸው ፖስቴኮግሉ ከወንበሩ ኋላ ካለ ደጋፊ ጋር እስከ መጨቃጨቅ ደረሰ። እኔ የነበርኩበት ዲኤስቲቪ ቤት ደግሞ በአርሰናል ማልያ ተሞልቶ ለቶተንሃም ይጮህ ነበር። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የአንሪን ማልያ ካጠለቁ 20 ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። «ለዛሬ ብቻ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉና ቢራ አዘዙ።

ሃላንድ አገባ፣ 1 ለ 0። 86ኛው ደቂቃ ላይ ሶን ብቻውን ከበረኛው ጋር ተገናኘ። ቤቱ ሁሉ ተነሳ። «ሶንዬ! ሶንዬ!» የሚሉት ጋሼ ናቸው። ተቀይሮ የገባው ኦርቴጋ በእግሩ መለሰበት። ሃላንድ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ፣ 2 ለ 0። ከአምስት ቀን በኋላ ሲቲ በ91 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ አርሰናል በ89 ቀረ።

ስንወጣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «እንዴት ሆነ ጋሼ?» አላቸው።

«ተሸነፍን።»

ጥበቃው ማልያቸውን አየት አደረገና «አርሰናል ዛሬ ጨዋታ ነበረው እንዴ?» አለ።